በስልክ የመጣው እንግዳ

በ2014 ዓ.ም. ጳጉሜ፣ ጦርነቱ ወልድያን ባስጨነቀበት ሰሞን፣ የአባቴ ወዳጅ ሸህ ሙሐመድዘይን በጠና መታመማቸውን የሚናገር መልእክት ከራሳቸው ቴሌግራም ደረሰኝ። “ለሕክምና ገንዘብ ላኩልኝ” ይላል። ከባሕር ማዶ ለዕረፍት መጥቼ ስለነበር ወዲያው ተነሣሁ፤ መርሳ ከሚኒባስ ወርጄ ወደ ቤታቸው ሳቀና በሽተኛውን ዛፍ ላይ ሆነው ዘይቱን ሲለቅሙ አገኘኋቸው።

“አሚር ነህ? ከባሕር ማዶ በሰላም ገባህ?” አሉኝ ሲወርዱ። “ዛሬ ሰው ሁሉ ምን ነክቶት ነው ሊጠይቀኝ የሚጎርፈው? ወዳጄ ደምሴማ እያለቀሰ ነው የመጣ።”

መልእክቱን አሳየኋቸው። ስልካቸው ተጠልፏል ብላቸው ኪሳቸውን ዳብሰው ሳቁብኝ። ቀስ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ነገሩ ወጣ። ጠዋት አንድ ሰው ከስልክ መሥሪያ ቤት ነኝ ብሎ ደውሎ፣ መስመራቸው እንዳይዘጋ በመልእክት የሚመጣላቸውን ቁጥር እንዲያነቡለት ጠይቋቸው አንብበውለታል።

“ማን እንደሆነ አጣርተዋል?”

“እንግዳ ሳይበላ ከየት መጣህ ይባላል? ሰላምታው ደግሞ ሲያምር። የከብቶቼን ደህንነት ሳይቀር ጠየቀኝ።”

“ሌባ ኮምፒውተር ሰብሮ የሚገባው ጥቂት ጊዜ ነው” አልኳቸው። “አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱን አታሎ ያስከፍታል። ያ ቁጥር የቴሌግራምዎ ቁልፍ ነበር። አምና ኬላ ሲጠብቁ ሰላምታው ያማረውን ሁሉ ያሳልፉ ነበር?”

“ኬላ ሌላ፣ እንግዳ ሌላ።”

ወሎዬን በክርክር መርታት መቻሉን እየተጠራጠርሁ ሳለ ልጃቸው ኢሕሳን ትዝ አለችኝ። ልጆቿን ይዛ ደሴ ተሰዳለች፤ መልእክቱ ከደረሳት በዚህ ክፉ መንገድ መነሳቷ አይቀርም። ከእኔ ስልክ ደወልን። መናኸሪያ ነበረች።

ሸህ ደህና ነኝ፣ እንዳትመጪ ቢሏት አላመነችም። ለካስ ሌባው ድምፄ ተዘግቷል፣ በስሜ የሚደውል ቢኖር አትመኑ ብሎ ጽፎላታል። መስመሩም ይቆራረጣል።

“አባዬ ከሆኑማ፣ ልጅ ሳለሁ ከየትኛው ዛፍ ነው የወደቅሁት?”

ሸህ ፊታቸው ተለዋወጠ። “ከዛፍ ወድቀሽ አታውቂም። ከአጎትሽ ግመል ነው የወደቅሽ።”

አለቀሰች። ልጆቿንም ከመኪናው ስታወርድ ተሰማን።

ሸህ ስልኬን መለሱልኝ። “የገዛ ልጄ ማን ነዎት አለችኝ” አሉ። “ልቆጣ ብዬ ነበር፤ ግን ደስ አለኝ።”

እኔም ምክሬን ቀጠልሁ፦ የመጣን ቁጥር ለማንም አለመናገር፣ ከመሥሪያ ቤት ነኝ የሚል ሰው ሲደውል ስልኩን ዘግቶ በሚታወቀው ቁጥር መልሶ መደወል፣ ቴሌግራሙንም ባለቤቱ ብቻ በሚያውቀው ሁለተኛ የምስጢር ቁልፍ መቆለፍ። ይህን ያደረገ ሰው በስሙ ሌባ አይለምንበትም፤ ወዳጁ በከንቱ አያለቅስም፤ ልጁም በውሸት ወሬ መንገድ አትወጣም።

ሌባውን ከቴሌግራማቸው እንዴት እንደሚያስወጡ እያሳየኋቸው ሳለ ስልካቸው ላይ አዲስ ቁጥር መጣ። እንዲያነቡልኝ ጠየቅኋቸው።

ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

“ዘይቱኑን ብላ፤ ማደሪያም አለህ” አሉኝ። “ቁጥሩን ግን ራሴ እጽፈዋለሁ።”