ጣራዋ የተቆረጠው ሜርኩሪና የዶን ኦኖፍሬ አርቹሌታ ሕይወት

ከእስፓኞላ ሸለቆ መንደሮች ሁሉ የእርሻና የጋራዥ ሥራችሁን ትታችሁ ወንድሜን ልትሸኙ የመጣችሁ ዘመዶችና ጎረቤቶች፣ ክቡር አባ ቴዎፊሎ፣ ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ። ይህን ዜና ሕይወት የማነበው የሟች ታላቅ እህት ፌሊሲታስ አርቹሌታ ነኝ። አባ ቴዎፊሎ ትናንት ቤቴ መጥተው፣ «ፌሊሲታስ፣ አጠር አድርገሽ መልካም መልካሙን ብቻ አንብቢ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» ብለውኛል። ሰምቻቸዋለሁ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንደሚባለው እኔም ሙቱን ልወቅስ አልቆምኩም፤ የምወቅሰው ቋሚውን ነው፤ እሱም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል።

ዶን ኦኖፍሬ ከአባታቸው ከዶን ኤፒሜንዮ አርቹሌታና ከእናታቸው ከዶኛ ሬፉሂዮ በ1947 እ.ኤ.አ. በዚሁ መንደር ተወለዱ። እኔ የበኩር ልጅ፣ ቤላርሚኖ መካከለኛው፣ እርሳቸው ደግሞ የመጨረሻው ነበሩ። አባታችን ሎስ አላሞስ ተራራ ላይ በአናጢነት እየሠሩ ኦኖፍሬ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው አንዲት ጥቁር አረንጓዴ ሜርኩሪ መኪና ከነፋብሪካ ሽታዋ ይዘው ወደ መንደሩ ገቡ፤ ያን ቀን ቄሱ ሳይቀሩ ወጥተው ባረኳት። ኦኖፍሬ መነኮሳቱ ከሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ገብተው ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ያጠናቀቁ ሲሆን፣ እመቤታችንን ሳል ቢባሉ ከሜርኩሪዋ ጎን አቁመው በመሳላቸው የመነኩሲቷን ኩርኩም መቅመሳቸውን ዛሬም የሚያስታውሱ የክፍል ጓደኞቻቸው እዚህ አሉ።

አባታችን ከመሰላል ወድቀው አንገታቸው ከተጎዳ በኋላ ራሳቸውን ማጎንበስ የማይችሉ ሰው ሆኑ። የጎረቤት መኪና ሁሉ ጠበባቸው፤ የሜርኩሪዋ ጣራ ግን ከፍ ብሎ ክብ በመሆኑ አንገታቸውን ቀጥ እንዳደረጉ፣ ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ ገብተው ይቀመጡባት ነበር። እሑድ እሑድ እሳቸውን ይዛ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን የምትመጣው እሷ ነበረች። ኦኖፍሬ በ1967 ለቬትናም ጦርነት በተመለመሉ ጊዜ አባታችን ቁልፉን አሳይተው፣ «ልጄ፣ በሰላም ተመለስልኝ እንጂ መኪናዋ ያንተ ናት። እንደ ተውካት ታገኛታለህ» አሏቸው። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ቤላርሚኖም ሰምቷል።

ወዳጆቼ፣ በዚህ ሸለቆ መኪና ዝቅ ማድረግ፣ መቁረጥና መቀባት የተለመደ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ የአብዛኞቻችሁ መኪና ከደጅ ሆዱን መሬት አስነክቶ ቆሟል፤ ማማሩን አልክድም። የራሳችሁን ነው የቆረጣችሁት። ቤላርሚኖ ግን ኦኖፍሬ ጦርነት ላይ ሳሉ አባታችንን «ፍሬኗን ልይላት» ብሎ ሜርኩሪዋን ወሰዳት፤ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖም የጣራዋን ምሰሶዎች አራት ጣት ቆረጠና ጣራውን አውርዶ መልሶ በየደባት። ይዟት ሲመጣ ከመስኮቷ የቀረው ለፖስታ ሣጥን የሚበቃ ቀዳዳ ነበር። «አባባ፣ እዩዋት እስቲ! ድሮ የአሮጊት ጫማ ትመስል ነበር፤ አሁን መሬት ለመሬት ስትሄድ አገር ቆሞ ያያታል!» አለ። አባታችን ዞሯትና ዞሯትና፣ «ቆንጆ ናት ልጄ» አሉት። «ግን እኔ የት ልቀመጥ?»

ሌላ መኪና መግዣ አቅም በቤታችን ስላልነበረ አባታችን ከዚያ ወዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ይመላለሱ ጀመር። ኦኖፍሬ ከጦርነቱ ተመልሰው ከአውቶቡስ ሲወርዱ፣ ወንድማቸው በተቆረጠችው መኪና ሊቀበላቸው ቆሞ አገኙት። «ላንተ ብዬ ነው ያሳመርኳት፣ ስትመጣ እንድትኮራ!» አላቸው። እርሳቸውም የጫኑትን ሻንጣ ከመኪናዋ ኋላ መልሰው አውርደው፣ «አባባ የት ናቸው?» ሲሉ ጠየቁት፤ መልሱን ሲሰሙ ከእሱ ጋር አልተሳፈሩም። መኪናዋንም አልተቀበሉትም፤ «ይህቺ አባቴ የሰጡኝ አይደለችም» ብለው ትተውለታል። በሁለተኛው ክረምት አባታችን ድልድዩ አጠገብ በበረዶ ተንሸራተው ወድቀው፣ ሰው እስኪያገኛቸው ብርዱ ሳንባቸው ውስጥ ገባና ሳምንት ሳይቆዩ አረፉ። የቀብራቸው ዕለት ኦኖፍሬ ለወንድማቸው፣ «በእጅህ የቆረጥካትን በእጅህ መልሰህ መቀጠል የምትመኝበትን ቀን ያምጣልህ» አሉት። እርግማኑ ሲነገር እኔ አሜን ብያለሁ።

ከዚህ በኋላ ዶን ኦኖፍሬ ከትልቁ መንገድ ዳር ጋራዥ ከፍተው አርባ ዓመት በላሜራና በብየዳ ሥራ ሸለቆውን አገልግለዋል። የዛገን ላሜራ አዲስ አስመስሎ መመለስ የሚችል እንደ እርሳቸው ያለ እጅ አልነበረም፤ መኪና ሊያስቆርጥ የመጣን ወጣት ግን፣ «ፋብሪካው አንዴ ነው የሚሠራት፤ ሁለተኛ አይወልዳትም። ሂድ ሌላ ጋ አሳርዳት» እያሉ ሲመልሱ ኖረዋል። በ1972 ዶኛ ክሎሪንዳን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ጥሩ ባል፣ ልጆቹን በጀርባው አዝሎ ወንዝ ዳር የሚያዞር አባት ነበሩ። ቀልደኛ ነበሩ፤ በቃሪያ ጥብስ ሰሞን ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበው ራሳቸው እየጠበሱ ያበሉ ነበር። ከወንድማቸው ጋር ግን ማዕድ አልቆረሱም።

ቤላርሚኖም በዚያች መኪና ስሙ ገነነ። በመኪና ውበት ውድድር ያገኘው ዋንጫ በዝቶ መደርደሪያ አጥቶ ነበር፤ ፎቶዋም መጽሔት ላይ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አንገቱን እንደ አውራ ዶሮ ቀጥ አድርጎ መሄድ ጀመረ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እግዚአብሔርም አይረሳምና፣ እርጅና ሲመጣ የቤላርሚኖ የገዛ አንገቱ ደረቀና ከዚያች መኪና መግባት አቃተው። እንቅልፍም አጣ። «ፌሊሲታስ እህቴ፣ አባባ በሕልሜ መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን አንሥተው አቁም ይሉኛል፤ አቆምላቸዋለሁ፤ አይገቡም» ብሎ እቤቴ መጥቶ አለቀሰ። ሙሉ ጣራ ከነምሰሶው ፍለጋ ከኮሎራዶ እስከ ቴክሳስ ያሉ የአሮጌ መኪና መጣያዎችን ሁሉ ቢያስስ፣ ለአባታችን መኪና ልክ የሚሆን አንድም አላገኘም።

አላገኘም፣ ምክንያቱም ዶን ኦኖፍሬ ቀድመውት አግኝተውታል። ዝገት ያልነካው፣ ምሰሶው ያልተነካ፣ ቀለሙ እንኳ ያ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ የሜርኩሪ ጣራ አምጥተው በጓሯቸው በዶሮ ቤቱ ላይ ደፍተውት ነበር፤ ከቤላርሚኖ ማድቤት መስኮት ፊት ለፊት። ሰውዬው ለሦስተኛ ጊዜ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ኦኖፍሬ፣ ወንድሜ፣ ስጠኝ። የአባባን መኪና እንደነበረች አድርጌ ልሙት» ሲላቸው፣ «እኔን ምን ትለምነኛለህ? ቤቱ የዶሮዎቹ ነው፣ እነሱን አስፈቅድ» አሉት። ያን ቀን ሳቅን፤ እኔም ስቄያለሁ።

ባለፈው ዓመት የቀለሙና የብየዳው ጭስ ሳንባቸውን አድክሞ ዶን ኦኖፍሬን አልጋ ላይ ጣላቸው። አባ ቴዎፊሎ ባለፈው ወር ቤላርሚኖን እጁን ይዘው አምጥተው ከአልጋው አጠገብ አስቀመጡት። ዶን ኦኖፍሬም ወንድማቸውን፣ «በል እሺ። እኔ ስቀበር ጣራውን መጥተህ ውሰደው» አሉት። ቤላርሚኖ እጃቸውን ስሞ አለቀሰ፤ አባም አለቀሱ፤ በማግሥቱ እሑድ የአርቹሌታ ወንድማማቾች ታረቁ ተብሎ ከዚሁ መንበር ተሰበከ። ዛሬም ቤላርሚኖ ፒክ አፑ ላይ ገመድና ብርድ ልብስ ጭኖ መጥቷል፤ ስትገቡ ሳታዩት አልቀራችሁም። ከዚህ ሲወጣ ጣራውን ሊወስድ ነው።

ውሰድ ቤላርሚኖ። ነገር ግን መጀመሪያ የቀረውን ስማ።

አንተ እጃቸውን ስመህ በሄድክ በሳምንቱ ዶን ኦኖፍሬ፣ «ፌሊሲታስ፣ ደግፊኝና ወደ ጓሮ ውሰጅኝ» አሉኝ። ዶሮዎቹን አስወጥተን ጣራውን አወረድነው። በዕድሜያቸው ሙሉ አንድም ያልተነካ መኪና ቆርጠው የማያውቁት ሰው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ የብረት መጋዝ ይዘው ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ አራት ጣት አራት ጣት ቆረጧቸው። የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። እያለቀሱ ነበር የቆረጡት፤ «እንዲህ ያለ ጣራ ከእንግዲህ የትም አይገኝም» እያሉ ነበር የቆረጡት፤ ጨርሰውም መጋዙን ሣሩ ላይ ጥለው አባታችንን በስማቸው ጠሩ። ከዚያ ወዲህ ምግብ አልቀመሱም። ስለዚህ ቤላርሚኖ፣ መልሰን ከደፋንበት ከዶሮ ቤቱ ላይ የምታገኘው ጣራ መኪናዋ ላይ ካለው በቁመት በአንዲት ጣት እንኳ አይበልጥም። ቁራጮቹን ልቀጥላቸው ብለህ እንዳትፈልጋቸው፦ ባዘዙኝ መሠረት በገዛ እጄ ጠቅልዬ በዚህ ሣጥን ውስጥ ከእግራቸው ሥር አድርጌያቸዋለሁ። ጠዋት ሣጥኑን በትከሻህ ተሸክመህ ያስገባኸው አንተ ነህ፤ መቃብሩ ድረስም የምትሸከመው አንተው ነህ።

ዶን ኦኖፍሬ አርቹሌታ ባለፈው ማክሰኞ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸውን ዶኛ ክሎሪንዳን፣ ልጆቻቸውን ኒንፋንና ሴሌዶኒዮን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን እህታቸውንና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል።

ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ከአባታችንም ጋር መገናኘትን እለምንላቸዋለሁ፤ አባታችን ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት ስፍራ ይኑር። ይቅርታን ግን በእርሳቸው ስም አልለምንም፤ አላዘዙኝምና። በእኔም ስም አልለምንም፤ ገና አልመጣልኝም። አሜን የምትሉ በሉ፤ ቤላርሚኖ ግን ይነሣ፣ ሣጥኑ ይጠብቀዋል።