ከሹፌሩ ጎን ማን ተቀምጧል?

— ሄሎ... አቤት ጋሼ አሻግሬ! ... ደረሳችሁ እንዴ?

ውበቱ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል አጣብቆ፣ ግራሶ የለበሰ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ከጠዋት ጀምሮ የጨበጠው ሥራ የለም። አንዱን ብሎን ሲፈታ፣ መልሶ ሲያጠብቅ ነው ያረፈደው። ሦስት ሽማግሌዎች የሚወዳትን የትምወርቅን ለሚስትነት ሊጠይቁለት ከመካነ ሰላም በወግዲ መንገድ ወጥተዋል። የወጡትም ከሦስቱ አንዱ በሆኑት በጋሼ አሻግሬ ባጃጅ ነው፤ በከተማው ካሉት ሁሉ ያረጀችው፣ ትናንት እሱ ራሱ የፊት ሞላዋን የቀየረላት።

— አልደረሳችሁም... ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ። ... እህ... ሐጂ አሕመድኑር ዙሁር እየሰገዱ ነው። ... ይስገዱ፣ ይስገዱ። አባ ኪዳነማርያምስ? ... ባጃጇ ውስጥ ጥላ ይዘው። ... ጥሩ ነው፣ ጉልበታቸውን ያሳርፉ።

— ሞላው? ... ኧረ ጋሼ ያሳፍሩኛል! ... ማ? አባ ናቸው እንዲህ ያሉት? ... «አውሮፕላን የተሳፈርኩ መሰለኝ»! ... አባ ደግሞ አውሮፕላን የት ያውቁታል!

ውበቱ ሳቀ። የድሮው ሞላ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እስከ ብረቱ እየወረደ የተሳፋሪውን አከርካሪ አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር። ሽማግሌ እንደዚያ ተንገላቶ ሄዶ ምን ቁም ነገር ያወራል ብሎ፣ ከጭነት ባጃጅ የወለቀ ጠንካራ ሞላ ፈልጎ አስገባላት። ከቀድሞው በአራት ጣት ይረዝማል።

— አፍንጫዋን ቀና አድርጋ... እንደ ሙሽራ በቅሎ? ... አዎ፣ ረዘም ይላል እኮ። ግን ይህን ያህል እንኳ ቀና ማለት አልነበረባትም። ... ጋሼ፣ ከእርስዎ ጎን ማን ተቀምጧል?

— ማንም?

ጨርቁ ከእጁ ወደቀ።

መካነ ሰላም ውስጥ ባጃጅ ከሹፌሩ ግራና ቀኝ ሰው ሳይደራረብባት ስትሄድ ያየ የለም። ትራፊክ ይቆጣል፣ ይቀጣል፤ ባጃጇም እንደተጫነች ትሄዳለች። ውበቱም ትናንት ወደ ፊት ጎማው የሚወርደውን የፍሬን ቱቦ ሲለካ፣ የሥራ ባልደረባውን ንጉሡንና አንድ መንገደኛ ጠርቶ ሹፌሩ ወንበር ላይ ግራና ቀኝ አስቀመጣቸው። አፍንጫዋ ዝቅ አለ። ቱቦው በልክ ደረሰ። «እንግዲህ እንዲህ ሆና ነው የምትሄደው» ብሎ አሰረው። ባዶ ሆና ቀና ስትል ቱቦው እንደ ክራር ጅማት እንደሚወጠር አላሰበም።

— አይ... አይ፣ ምንም አላልኩም። ... ገባኝ ጋሼ። ክብር ነው። ልጅ ሊጠይቅ የወጣ ሽማግሌ ከሹፌር ጋር ተጋፍቶ አይሄድም። ልክ ነዎት። ... ግን ከመካነ ሰላም ጀምሮ ነው የፊቱ ባዶ የሆነው? ... ያን ሁሉ ኮረኮንች?

— ንጉሡ፣ ሬዲዮኑን ዝጋው! ... ዝጋው አልኩህ!

— ለንጉሡ ነው ጋሼ፣ ለእርስዎ አይደለም። ... አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ወደ ፊት ጎማው ጎንበስ ይበሉልኝ። ... ለማጣራት ያህል። ... አዎ ትናንት አይቼዋለሁ፣ ዛሬም ልየው። ... እርስዎ ዓይኔ ይሁኑልኝ። ... ኧረ በአላህ ጋሼ፣ አንድ ጊዜ!

— አዩት? ከሞላው አጠገብ የምትወርድ ጥቁር ቱቦ። ... እህ... ተገትራለች። ... ጎማውስ? ... ረጥቧል።

ውበቱ ስልኩን በእጁ ያዘው።

— ወንዝ ስለተሻገራችሁ ነው። ... ሊሆን ይችላል። ግን በሁለት ጣትዎ ነካ አድርገው ይሹት። ውሃ ከሆነ ይደርቃል... አሹት? ... ያሙለጨልጫል? ... ጋሼ፣ በደንብ ይሹት... ያሙለጨልጫል።

አሁን መናገር አለበት። የየትምወርቅ አባት አቶ ዓባይነህ ስለ መሬትም ስለ ከብትም እንደማይጠይቁ አገር ያውቃል፤ «እጁ እንዴት ነው?» ነው የሚሉት። ሽማግሌዎቹም ሌላ ስንቅ የላቸውም፣ «ይህ ልጅ የነካው ነገር አይበላሽም» ሊሉ ነው የሄዱት። ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ የአቀስታ ሰዎች ለሌላ ልጅ ያችኑ የትምወርቅን ሊጠይቁ እንደሚመጡ ሰምቷል። ለአፍታ «ምናልባት ይደርሱ ይሆናል» አለ በሆዱ። ወዲያው በራሱ አፈረ።

— ጋሼ፣ ይስሙኝ። ያ የፍሬን ዘይት ነው። ቱቦው ተሰንጥቋል። ... አይደለም፣ የፊቱ ብቻ አይደለም! ዘይቱ አንድ ነው፤ ከፊት ከፈሰሰ የሦስቱም ጎማ ፍሬን ይሄዳል። ... ጥፋቱ የኔ ነው። ሰው አስቀምጬ ለካሁት፤ ባዶዋን መለካት ነበረብኝ። ... ቁልቁለቱን እንዳትወርዱ።

— ቀስ ብዬ እወርዳለሁ? ... በምን ይዘዋት ነው ቀስ የሚሉት! ... ሽማግሌ ከወጣ አይመለስም፤ አውቃለሁ። ... የአቀስታዎቹም ይቅደሙ። ... ልጅቷም ትቅር ጋሼ! ከሦስታችሁ አንዳችሁ ብትጎዱ እኔ የትኛውን ቤት ነው የምሠራው?

— እ? ... ቱቦውን የሰነጠቀው ቅናት አይደለም፣ ሰይጣንም አይደለም። ውበቱ ነው። የኔ እጅ ነው!

ነፋሱ ብቻ ስልኩ ውስጥ ይፎክራል።

— ሄሎ? ይሰሙኛል? ... ማርሽ ውስጥ ናት? ... ጎበዝ። እንዳይነኩት። የእጅ ፍሬኗ ደካማ ነው። መጀመሪያ አባን ያውርዷቸው፣ ከዚያ ድንጋይ... ምን አሉ? ... ከአፋፉ ወደ ኋላ ልግፋት? ... አይ፣ አይ፣ አይግፏት! ... ማርሹን አወጡት? ጋሼ! ማርሹን አወጡት?!

— አባን ያውርዷቸው! ... ሄሎ! ... ድንጋይ! ከጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ! ... ጋሼ!

የጋሼ ስልክ መሬት ላይ የወደቀ መሰለ። ጩኸት ተሰማ፣ ከዚያም የሩጫ ኮቴ። ብረት ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ከዚያ ነፋሱ ብቻ ቀረ። ንጉሡ ከባጃጅ ሥር ወጥቶ «ምን ሆነ?» አለ።

— ሄሎ? ... ሄሎ? ... አትጠይቀኝ ንጉሡ፣ አላውቅም። ሞተርህን አስነሳ። ... ሄሎ! ... የማርያም ያለህ... ሄሎ?

— ማነው? ... ሐጂ? ሐጂ አሕመድኑር! ... አባስ? አባ ደህና ናቸው? ... «ወላሂ» ይበሉኝ። ... እፎይ። ... እፎይ፣ እፎይ።

ውበቱ ባዶ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

— እርስዎ ነዎት ከጎማው ሥር ድንጋዩን የወረወሩት? ... በአጠገብዎ ስታልፍ? ... ሶላትዎን አቋርጠው! ... ለነፍስ ሲሆን ይቋረጣል። ... አልሐምዱሊላህ። እድሜዎን ያርዝመው ሐጂ። ... ጋሼስ? ... መሬት ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ? ... ይተዉዋቸው፣ ድንጋጤው ነው፣ ይወጣላቸው። አባስ ምን አሉ? ... «አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል አስቀራችሁት»!

የወደቀውን ጨርቅ አንስቶ እጁን መልሶ ጠረገ።

— አቤት ሐጂ። ... ጋሼን አይቆጧቸው። ማርሹን ማውጣታቸው ስህተት ነው፣ እውነት ነው፤ ግን እኔ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ድንጋዩ መናገር ነበረብኝ። ቱቦውንም የለካሁት እኔ ነኝ። ... አዎ። ሰው አስቀምጬ። ... እንዲህ ተከብራ ትሄዳለች ብዬ መች አሰብኩ። ... እርስዎ ቢቆጡኝ ይገባኛል።

— በእግር? ... አይሆንም፣ የአባ ጉልበት ያን ቁልቁለት አይችለውም። እዚያው ቆዩ፣ ከባጃጇ ራቅ በሉ። እኔ በንጉሡ ሞተር ረጅም ቱቦና ዘይት ይዤ እመጣለሁ። ቢበዛ አንድ ሰዓት። ... ቀጠሮው ስምንት ሰዓት ነው፣ አውቃለሁ። ያልፋል። ... የአቀስታዎቹ ይቀድማሉ፣ አዎ።

— ታዲያ ሐጂ... ደውላችሁ ለአቶ ዓባይነህ... ጎማ ፈነዳብን ብትሏቸውስ? ጎማ ለማንም ይፈነዳል። ... እ? ... አይ፣ ውሸት ማለቴ ሳይሆን... እሺ። ... እሺ ሐጂ፣ ተሳስቻለሁ። ... በውሸት ተጀምሮ የሚዘልቅ ትዳር የለም። ልክ ነዎት።

— ይነገራቸው እንግዲህ። ማን ይንገራቸው? ... እኔ? ... እኔ ራሴ?

ንጉሡ የሞተሩን ቁልፍ እንደያዘ ቀረብ አለ።

— ኧረ ሐጂ! ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱ ለልጅቷ አባት ሲደውል የት ታይቶ ያውቃል? ነውር ነው። ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነው አይሉኝም? ... እህ... እህ... «ሽማግሌ የሚላከው ልመና ለመለመን ነው፤ ጥፋትን ባለቤቱ ይናገራል።» ... ገባኝ። ... አይ፣ አልተከራከርኩም። ... እና እምቢ ቢሉስ? ... ሐጂ? እምቢ ቢሉስ?

— ... እሺ። ... እምቢም ቢሉ ቱቦውን ይዤ እመጣለሁ፣ እሱ ምን ጥያቄ አለው! ... ቁጥራቸው አለዎት? ... ቆይ፣ ቆይ፣ ልጻፈው።

መሬት ላይ ባገኘው ካርቶን፣ ቀለሙ ሊያልቅ በደረሰ እስክሪብቶ፣ እየተጫነ ጻፈ።

— ዜሮ ዘጠኝ... እሺ... ሰባት ነው አራት? ... ሰባት። ... ይቀጥሉ። ... መጨረሻው ሁለት ሁለት። ... ያዝኩት። ... ሐጂ፣ ሶላትዎስ? ... ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። እኔንም በዱዓ አይርሱኝ። ... አሜን። ... ከባጃጇ ራቁ እሺ? ... እሺ። ቻው።

ስልኩን ዘግቶ ካርቶኑን አየ። የአቶ ዓባይነህን ቁጥር ግራሶ በነካው ጣቱ አንድ በአንድ ስልኩ ላይ መታ። ንጉሡ ወደ ጆሮው ተጠግቶ «ጎማ ፈነዳ በላቸው» አለው፣ ጥቅሻም ጨመረበት። ውበቱ ትከሻውን ገፍቶ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

— ተው ንጉሡ። ... ዝም በል፣ እየጠራ ነው።