ኮከባቸውን በቮድካ የጠጡት ሳቬሊ ኢግናቲየቪች

እኔ ካፒቶሊና፣ የሟች ታላቅ እህት፣ ወረቀት አልያዝኩም፤ አያስፈልገኝም። እዚህ ጭንቅላት ውስጥ አንዴ የገባ ነገር አይወጣም፤ ክርስትና በተነሣሁበት ቀን ቄሱ ምን በልተው እንደመጡ ሳይቀር አውቃለሁ፣ ሽንኩርት ነበር። እናንተ ብሊኒውን፣ የተዝካሩን ስስ ቂጣ፣ በማር እያደረጋችሁ ብሉ፤ ብርጭቆ ግን እንዳታጋጩ፣ የሐዘን ነው። ወንድሜን አንቱ ማለቴን ደግሞ አትታዘቡኝ። እስከ ባለፈው ሳምንት አንተ ነበሩ፤ ሞት ነው ከታላቃቸው በላይ ያደረጋቸው።

ሳቬሊ ኢግናቲየቪች ቼካሊን ከአባታቸው ከቮልጋው መርከበኛ ከኢግናትና ከእናታቸው ከግላፊራ እዚሁ ካሚሺን፣ ሐብሐብ በሚለቀምበት ወር ተወለዱ። እናታችንን ሐብሐብ ስትጭን ነው ምጥ የያዛት፤ አዋላጇ ጭንቅላታቸውን ይዛ ስትስብ ብትውል እግራቸው አላልቅ ብሏት ሌላ ሰው አስጠራች። ትምህርት ቤት በገቡ ቀን መምህሯ የልጁ አባት መስለዋት ወንበር ሳበችላቸው።

እጃቸው ግን ወርቅ ነበር። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ቅርጫቱን ሳያዩ ያስገቡ ነበር። ልባቸውም እዚያው ፋብሪካ፣ ሸማኔዋ ፌክላ ጋ ቀረ። ለውትድርና ሲጠሩ ሁለቱን ዓመት ጨርሰው መጥተው ሊያገቧት፣ ለፋብሪካውም ሊጫወቱ ቃል ገቡላት። ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት ይኼንኑ ነበር፤ ቤታቸው መመለስ።

ወታደር ቤት ጠመንጃ እንኳ አላሳዩዋቸውም። ልካቸው የሚሆን ቦት ጫማ ስለጠፋ በነጠላ ጫማ ቃለ መሐላ ፈጸሙና ለጦሩ ክለብ ተሰጡ። የክለቡ ጌታ ኮሎኔል ብሪዝጋሎቭ ቁመታቸው የሳቬሊ ብብት ቢደርስ ነው፤ ድምፃቸው ግን ቮልጋን ይሻገራል። ክለቡ ጥድ ጫካ ውስጥ በአጥር የተከበበ ካምፕ ነበረው፤ ተጫዋቹ ለጨዋታ ብቻ ይወጣል፣ ተጫውቶ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። አልጋው አጭር ስለነበር ወንድሜ እግራቸውን በመስኮት አውጥተው ይተኙ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ቁራ ያርፍባቸዋል። ቁራውን ያየ ሰው አለ።

ሁለቱ ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ክለቡ ዋንጫ በላ። በእራቱ ላይ ኮሎኔሉ እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ ቮድካ ሰጧቸውና ለዋንጫው ጠጣ አሏቸው። አለቃ የሰጠውን ብርጭቆ ግማሽ ላይ ማስቀመጥ ነውር ነውና ወንድሜ ጨለጡት። እታች ሲደርሱ ጥርሳቸውን የሚኮረኩር ነገር አገኙ፤ ወደ መዳፋቸው ሲተፉት የመኮንን ኮከብ ሆኖ ተገኘ። በጦሩ ልማድ አዲስ መኮንን ኮከቡን ከቮድካ ውስጥ በከንፈሩ ነው የሚያወጣው፤ ጠረጴዛው በሙሉ መቶ አለቃ እያለ ተነሣላቸው። ሹመቱ ቀድሞ ወጥቶ ኖሯል፤ የቀረው እሳቸውን ማጠጣት ነበር። ወታደር የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፤ መኮንን ግን ሃያ አምስት።

በማግሥቱ ሄደው የምትጠብቀኝ ልጅ አለችና ልቀቁኝ አሉ። ኮሎኔሉ አልተቆጡም። «ሳቬሊ ልጄ፣ አንተ እኮ የመንግሥት ቁመት ነህ፤ መንግሥት ደግሞ ሐብሐብ ለመልቀም አይጎነበስም» አሏቸው።

ከዚያ ወዲያ መላ ፍለጋ ሆነ። ሆን ብለው መሳት ጀመሩ፤ እጃቸው አልታዘዝ አለ፣ ጀርባቸውን ለቅርጫቱ ሰጥተው ቢወረውሩ ጭራሽ ገባና ሕዝቡ አበደ። ሰካራም ይባረራል ሲባል ጠጡ፤ ኮሎኔሉ አብረዋቸው ቁጭ ብለው ጠጡና ሳቬሊ ተሸክመው አስገቧቸው። ጉልበቴን ብለው ተኙ፤ የተመረጠ ሐኪም መጥቶ ያልታመመውን ጉልበት ቀደደው፤ ከዚያ ወዲህ በእውነት ታመመ።

ፌክላ መጠበቅ ሲሰለቻት ራሷ መጣች። ዘበኛው አላስገባም ቢላት በአጥሩ በኩል የሱፍ ፍሬ አቀበለቻቸውና «አንተ ረጅም፣ አጥሩ ደረትህ ላይ ነው፤ ምን ይዞህ ነው?» አለቻቸው። ወንድሜ አጥሩን ቁልቁል አዩት። እውነቷን ነው፤ እግር ማንሣት ብቻ ነበር የቀራቸው።

«ፌክሉሻ፣ ተሻግሬ የት አባቴ ልደበቅ?» አሏት።

እየሳቀች አለቀሰች። በፈቃድ ሰኞ ተጋቡ፣ ማክሰኞ በሩ ተዘጋ። ልጃቸው ዝላታ ስትወለድ የሰሙት ሜዳ ላይ በድምፅ ማጉያ ነው፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ አሰልጣኙ በል ኳሱን ወርውር አላቸው። ዋንጫ በዋንጫ ላይ ተደረበ፤ ጋዜጣውም ፈገግታቸውን እያወጣ ደስተኛው ሳቬሊ ይላቸው ነበር።

አገሩ ሲፈርስ ኮሎኔሉም ዘበኛውም ጠፉ፤ አጥሩን ሰው ለማገዶ ወሰደው። ወንድሜ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ካሚሺን ቢገቡ ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ቡድኑም የለም። ከፌክላ ጋር ሊፍት የሌለው ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ኖሩ። እሷን ከቀበሩ በኋላ ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ አለ፤ ከበረንዳ ሆነው እታች የሚጫወቱትን ልጆች «ክርንህን ሰብስብ፣ አንተ የጎመን ራስ» እያሉ ያሠለጥኑ ነበር። ተሸክመን እናውርድህ ብላቸው፣ «ተይኝ ካፓ፤ በሩ ሲከፈት የምሄድበትን ረሳሁት» አሉኝ። ይኼን እኔ አልጨመርኩበትም።

ልባቸው ደክሞ ባለፈው ሐሙስ አረፉ። ሣጥናቸው የደረጃው መታጠፊያ ላይ አልዞር ብሎ በበረንዳ በገመድ ወረደ፤ ሰፈሩ በሙሉ አንጋጦ አየ። ወንድሜ ማንንም ሳያስፈቅዱ የወጡት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወንድሜ ልጃቸውን ዝላታን፣ እኔን እህታቸውንና የልጅ ልጃቸውን ኡስቲንያን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን እግራቸውን ዘርግተው የሚተኙበት ቦታ ያሳርፍልን፤ የካሚሺንን አፈር ገለባ ያድርግላቸው። አሜን በሉ።

ኡስቲንያ እንደ አያቷ ተጫዋች ናት፤ የክለቧ ሰዎች ካምፕ ላይ ነሽ ብለው ለቀብር እንኳ አልለቀቋትም፤ በእናቷ ስልክ እየሰማችን ነው። ዝላታ፣ እስኪ ስልኩን አቅርቢልኝ። ኡስቲንካ፣ ነገ ረጅም ውል ሊያስፈርሙሽ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ፈርሚም አልልሽም፣ አትፈርሚም አልልሽም። ቤቴ ልሂድ ስትዪ ማንን እንደምታስፈቅጂ ግን ዛሬውኑ ጠይቂና መልሱን ንገሪኝ። ነገ አይሆንም፤ ዛሬ ማታ መልሰሽ ደውዪልኝ።