ሠላሳ በመቶ ጨምሮ፣ ሠላሳ በመቶ ቀንሶ

ወጣቱ የሂሳብ ሠራተኛ የነገሩን ቅደም ተከተል አሳስቶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የተወራው ስለ ዝናቡ ነው ወይስ ስለ ጉልበት ሕመም? እርግጠኛ አይደለም። የሚያውቀው ይህን ነው፤ ሻንጣ መሸጫው ውስጥ፣ የኋላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። ክንዱ ሥር ለባለሱቁ የጻፈው ደብዳቤ አለ፤ «ከአርባ ሻንጣ ሽያጭ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ብር ስለጎደለ ካሸሯ እንድትጠየቅ» ይላል። ባለሱቁ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። ካሸሯ በዚያ ሱቅ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ጠዋት እሱ ስለጠየቃት ቦርሳዋን ዘርግፋ አሳይታዋለች።

ጎረቤቱ አዛውንት ቁልፍ ሠሪ ዝርዝር ፍለጋ ሲገቡ፣ ካሸሯ ወደ ኋላ ሳትዞር ጀመረች።

«ኧረ ይግቡ ጋሼ፣ ዝናቡ ሳይመታዎት! ጉልበትዎ ተሻለዎት? እሰይ... ዝርዝር? ሞልቶ! ይቁጠሩት ታዲያ፤ ከእኔ እጅ የወጣ ገንዘብ ሳይቆጠር አይታመንም ተብሏል... እኔ አይደለሁም ያልኩት።

እኛማ ታድለናል ጋሼ። አንድ ሰው አሉን። የት እንደተቀመጡ አልነግርዎትም፤ ሲመሰገኑ ጆሯቸው ይቀላል። መስመር እንኳ ያለማስመሪያ አያሰምሩም። ሻንጣው አልሸጥ ብሎ አቧራ ሲጠጣ ምን አሉ መሰለዎት? የሺህ ብሩን ሻንጣ ሠላሳ በመቶ እንጨምርበት፤ ከዚያ ሠላሳ በመቶ ቅናሽ ብለን እንለጥፍ፤ ገዢው ደስ ይለዋል፣ እኛም ያችኑ ሺህ ብራችንን እናገኛለን... ይህችን በሦስት ገጽ ጻፏት! ከነሠንጠረዧ! እኔ ብሆን ሦስት ገጽ በምን እሞላው ነበር?

አርባውም አለቀ። ሰው እንዴት ተጋፋ መሰለዎት! ማዶ ያለው ሻንጣ ነጋዴ እንኳ ሰባት ወሰደ። ነጋዴ ከተፎካካሪው ሲገዛ አይተው ያውቃሉ? መርቆን ሄደ። እሳቸውማ ገና ሽያጩ ሳይጀመር አርባ ሺህ ብለው መዝገብ ላይ አስፍረውታል፤ በእስክሪብቶ! እንዲህ በራሱ የሚተማመን ሰው ዛሬ ይገኛል? መሳቢያው ሲቆጠር ግን... ሠላሳ ስድስት ሺህ አራት መቶ። ታዲያ ሠንጠረዥ ይሳሳታል? የሚሳሳተው ሰው ነው፤ ያውም ያልተማረ ሰው። ቦርሳዬን ብቻ ነው ያዩት ጋሼ። ጨዋ ናቸው፣ ጫማዬን አላስወለቁኝም።

እኔ ደንቆሮዋ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ካርቶን ላይ ጫር ጫር አደረግሁ። ሺህ ሦስት መቶ፤ ሠላሳ በመቶው ሦስት መቶ ዘጠና። ሲቀነስ ዘጠኝ መቶ አሥር። በአርባ ሳባዛው መሳቢያ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ሆኖ ቁጭ! ሳንቲም አልጎደለም... ግን ተዉት፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ካርቶኑ ያው እዚያ ተደግፏል። ጽሑፉን ወደ ኋላ ጠረጴዛ ያዞረው ነፋስ ይሆናል።

ብቻ አልቀየምም፣ ልመርቃቸው። መቶ ዓመት ይኑሩ! በመቶው ላይ እግዜር ሠላሳ በመቶ ይጨምርላቸው... ሲጠግቡ ደግሞ ሠላሳ በመቶ ይቀንስላቸው። ምን ይጎድልባቸዋል? በራሳቸው ሂሳብ ያው መቶ ነው። አሜን በሉ እንጂ ጋሼ!»

ቁልፍ ሠሪው አሜን ይበሉ አይበሉ፣ ወጣቱ አያስታውስም። ደብዳቤውን አራት ቦታ መቅደዱን ግን ያስታውሳል። ባለሱቁ ሲገባ የሰጠው ካርቶኑን ነው፤ ከሥሩ «ስህተቱ የእኔ ነው» ብሎ ፈርሞበታል።

የምርቃቱን ሂሳብ በኋላ ሁለት ጊዜ ሠርቶ አረጋግጧል። ዘጠና አንድ ዓመት ነው።