ስኳር የጎደለው ሽሮፕ

ወጣቱ ይህን ነገር ሲያወራ ሁልጊዜ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» ብሎ ነው የሚጀምረው። እትዬ በመጀመሪያ ያነሳችው ስለ አየሩ ይሁን ስለ ቧንቧው ውሃ ዛሬም አይለይለትም። ቦታውን ግን አይጠራጠርም፤ የፋርማሲ ተማሪዎች መድኃኒት መቀመም የሚማሩበት ቤተ ሙከራ ነበር። እሱ ነጩን የሸክላ ሙቀጫ ያጥባል፣ እሷ አጠገቡ ቆማ ብልቃጥ ትወለውላለች። «እትዬ» የሚሏት ልጅ ወልዳ አሳድጋ ወደ ትምህርት ስለተመለሰች ነው። ከኋላቸው፣ ሚዛኑ አጠገብ፣ የክፍሉ አንደኛ ቁጭ ብሎ ያነባል። እሱን ደግሞ «ሰቃዩ» ይሉታል።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ መምህራኑ ሊሰበሰቡ ነበር። ከሰቃዩ ጋር ተጣምራ የምትሠራው ዝምተኛ ልጅ ሽሮፕ አበላሽታለች ተብሎ፣ ኮርሱን ትድገም አትድገም ይወስናሉ። ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ስለሆነ መድገም ማለት ከጓደኞች አንድ ዓመት ወደ ኋላ መቅረት ነው።

«ውሃው ዛሬ ደህና ይወርዳል… አይደል እንዴ ወንድምዬ?» አለች እትዬ፣ ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ አንስታ። «እኔ አንዳንዴ ሳስበው ይገርመኛል። ስንቱን ተማርን? መጀመሪያ ኬሚስትሪ፣ ከዚያ የሰው አካል፣ ከዚያ ቅጠሉና ሥሩ፣ ከዚያ ደግሞ መድኃኒቱ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ። በሽተኛ እንዴት እንደሚናገር እንኳ… ማለቴ፣ በሽተኛ እንዴት እንደሚያናግሩት እንኳ ተምረናል። ለጓደኛ መናገርስ የስንተኛ ዓመት ኮርስ ነው? አምልጦኝ ይሆን? እኔ እንግዲህ በልጅ ሰበብ የቀረሁበት ቀን ብዙ ነው።»

ወጣቱ የጸዳውን ሙቀጫ እንደገና ማጠብ ጀመረ።

«አንድ ሰው አለ፤ ስሙን ምን አደከመኝ። እንደሱ ያለ ጭንቅላት አላየሁም። እኛ ስኳር ይህን ያህል ከተባልን ያንኑ እንመዝናለን፤ ጅል ነና። እሱ ግን ያስባል። ‹ለታመመ ሰው ይህ ሁሉ ስኳር ምን ያደርግለታል?› ብሎ ቀነሰለት። ርኅራኄውን አየህልኝ? መምህሩ ‹ስኳሩ ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ ሽሮፑን ከመበላሸት የሚጠብቀው እሱ ነው› ሲሉ… እሱ ምናልባት ቀድሟቸው ሌላ ምዕራፍ ገብቶ ነበር። ፈጣን ነው።»

ከኋላ አንድ ገጽ ተገለጠ። ትንሽ ቆይቶ ያው ገጽ ተመለሰ።

«እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ከሚዛኑ ላይ እየጨለፈ ወደ ዕቃው ሲመልስ አይቻለሁ። ግን የኔ ዓይን ምን ይታመናል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሽሮፕ ደግሞ እያደር ይደፈርሳል… ደፈረሰ፣ ክዳኑም ጧ ብሎ ጣሪያ ነካ። ‹ማን መዘነ?› ተባለ። ያኔ ነው ትሕትናውን ያየሁት። ጉራ አይወድም። ሥራውን ሁሉ ለሷ ተወላት። እሷም ብልቃጡ ላይ የተጻፈው የሷ ስም ነውና አንገቷን ደፋች። ‹እሱ ነው› ብትልስ ማን ያምናታል? መምህራኑም አይፈረድባቸውም። አህያውን ፈርተው እኮ አይደለም ዳውላውን የሚመቱት… አህያው አንደኛ ይወጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?»

ወጣቱ «በቃ እትዬ» ሊል አፉን ከፈተ። እሷ ግን እርጥቡን ብልቃጥ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ እሱም ያደርቀው ጀመር።

«የሥነ ምግባሩን ኮርስ ኤ ነው ያመጣው፤ ይገባዋል። እኔ ሲ ነኝ፤ ለዚህ ይሆናል የማያስችለኝ። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል ሰምተሃል አይደል? ወርቁን እሱ አጠለቀ፣ ክብደቱ ግን የሷ አንገት ላይ… ተወው። ነገር በምሳሌ፣ ሽሮፕ በብልቃጥ። እኔ ምን አገባኝ? ለሰው መልካሙን መመኘት ነው እንጂ።» ፎጣዋን አጥፋ ከጠረጴዛው ጥግ አኖረች። ድምጿ ልጅ እንደምታስተኛ እናት ለሰለሰ። «እግዜር ያሰበበት ያድርሰው። በማዕረግ ይመረቅ። የራሱን መድኃኒት ቤት ይክፈት። እናቱም ረጅም ዕድሜ ትኑርለት፤ ሲያስላት ደግሞ የሌላ ሰው እጅ አትይ፣ ሽሮፗን እሱ ራሱ ይቀምምላት… እንደ ልማዱ አስቦ።»

ወንበር ሲገፋ ተሰማ፤ ቀጥሎ በር። ወጣቱ ዘወር ስላላለ አየሁ አይልም። በኋላ የኮርሱን ኃላፊ ጠይቆ ያረጋገጠው ግን ይህን ነው፦ ያን ቀን ገና ለምሳ ሳይወጡ አንድ ተማሪ ቢሯቸውን አንኳኩቶ፣ ስኳሩን የመዘነው እሱ መሆኑን ነግሯቸዋል።