ያልተመለሰው ፉጨት

ዛሬ የምንሸኛቸው ሰዓት ሠሪው ወንድሜ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው ተወለዱ። አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ አንቱ ማለት ለአፌ ባይጥመውም ወጉ ነውና እላለሁ፤ የሚያስቀው ካለ ውጭ ወጥቶ ይሳቅ።

ከእኔ የተሻለ ፊደል ቆጥረው፣ ሰዓት ጥገና ተምረው፣ ደረጃ ሥር ባለች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ትከሻውን ደጅ ትቶ በሚቆምባት ሱቅ ዕድሜያቸውን ፈጁ። ልብስ ሰፊዋን ባለቤታቸውን አግብተውም ሦስት ልጆች ወለዱ። ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ በዚያው በሰዓቱ ወረንጦ ላባ በክር እየጠቀለሉ ዝንብ ይሠሩ ነበር። መንጠቆ የተሸሸገባት ይህች ዝንብ ትራውት የሚባለውን ባለነጠብጣብ ዓሣ የምታታልል ናት፤ እኔንም አንዴ አታልላኝ በፎጣ መትቻታለሁ።

በየዓመቱ ጎርፉ አልፎ ውኃው ሲጠራ፣ ችኩሌ የምንለውን ታናሻችንን አስከትለው ወደ ተራራው ወንዝ ይወጡ ነበር። ወንዙ ጯሂ፣ ቋጥኙም የማያስተያይ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሕግ ነበራቸው፤ ከላይ ያለው ያፏጫል፣ ከታች ያለው ይመልሳል፤ መልስ ያጣ ዘንጉን ጥሎ ወንድሙን ፍለጋ ይወርዳል።

አንድ ዓመት ግን ታላቅየው ትልቅ ዓሣ ይዘው፣ አንድ እጃቸው በዘንጉ ሌላው በመረቡ ተጠምዶ፣ ክሩን በጥርሳቸው ነክሰው ሳሉ ችኩሌ አፏጨ። አፋቸውን ቢከፍቱ ዓሣው ያመልጣል፤ አልከፈቱም። ደግሞ አፏጨ፤ አሁንም አልከፈቱም። ሦስተኛ አላፏጨም። ወንድሙን ውኃ የወሰደው መስሎት፣ በአቋራጭ ልድረስ ብሎ በጥልቁ በኩል መግባቱን ዳናው ነገረን። ባርኔጣው ብቻ በታላቁ እግር ሥር ተንሳፍፎ አለፈ፤ እሱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዓሣው ቤት ገባ፤ ማንም አልቀመሰውም።

ከዚያ ወዲያ በቤታቸው ፉጨት እርም ሆነ። ልጆቻቸው ማፏጨት ሳያውቁ አደጉ፤ የሚያፏጨው ማንቆርቆሪያም ለጎረቤት ተሰጠ። የትራፊክ ፊሽካ በተሰማ ቁጥር የሰው ሰዓት ሆዱን እንደከፈቱ ትተው ወደ በሩ ይሮጡ ነበር። መንጠቆውን ከዝንቧ ላይ ቆርጠው፣ በየዓመቱ ብቻቸውን ወደዚያ ወንዝ ይሄዱ ጀመር። ከላይ ይፏጫል፣ እመልሳለሁ ይሉ ነበር። የገደል ማሚቶ ነው ብዬ ብቆጣቸው፣ «እትዬ፣ የገደል ማሚቶ እኮ ቀድሞ አያፏጭም» አሉኝ።

በመጨረሻ ሳንባቸው ታሞ ትንፋሻቸው ለፉጨት አልበቃ ሲል፣ ያስጨነቃቸው ሕመሙ ሳይሆን ዝምታው ነበር። «አልመለስሁለትም፤ አሁን ይወርዳል!» እያሉ ከአልጋቸው ሊነሡ ይታገሉ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከመስኮቱ ውጭ ተፏጨ። ሐኪሙ ወፍ ነው አለ። ወፍ አውቃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከንፈሬን አርሼ፣ እኔው መለስሁላቸው። ግንባራቸው ተፈታ፤ ክር እንደነከሰ ሰው ገጥሞ የኖረው መንገጭላቸውም ላላ። በዚያው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ እኔንም እህታቸውን ትተውን ሄደዋል። ዛሬ ጠዋት፣ ጥቁር ልብሴን ስለብስ፣ ከመስኮቴ ሥር ደግሞ ተፏጨ። መልስ ያጣ እንደሚወርድ አውቃለሁና መለስሁ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከወንድማቸው ጋር፣ ሳይጠራሩ ተያይተው በሚኖሩበት ጸጥ ባለ ውኃ ዳር ያሳርፍልን። እኔንም ከመመለስ ያሳርፈኝ።