አባባ አልሳልም አሉ

ደሴ፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሾፌር አቶ ደመላሽ በረንዳቸው ላይ ራዲዮ ያዳምጣሉ፤ የሟች ልጃቸው ሚስት አዜብ የሰባት ዓመት ልጇ ኤፍራታ የሳለችባቸውን ወረቀቶች ይዛ ፊታቸው ቆማለች።

አቶ ደመላሽ፦ አልሳልም ብያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ጅብራ ተገትሬ ልታይ?

አዜብ፦ መገተር የለውም አባባ። እርስዎ እንደ ልማድዎ ተቀምጠው ራዲዮዎን ይሰማሉ፤ ኤፍራታ እያየች ትስላለች። የቤት ሥራዋን ለሰኞ ማድረስ አለባት።

አቶ ደመላሽ፦ በእኛ ጊዜ ሰው ላይ ዓይን ተክሎ መዋል ነውር ነበር። ዓይን የነካው ሰው እህል አይረጋለትም።

አዜብ፦ የልጅ ልጅዎን ቡዳ አደረጓት?

አቶ ደመላሽ፦ በእኛ ወገን የለም። በአንቺ በኩል ግን አላጣራሁም።

አዜብ፦ ሽማግሌ የላኩ ጊዜ ነበር ማጣራት።

አቶ ደመላሽ፦ ያን ጊዜ ልጄ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኝ መች ፋታ አገኘሁ። ለመሆኑ በቤቱ ጫማ ጠፋ? ስኒ ጠፋ? እነሱን ትሳል።

አዜብ፦ ጫማውን ጨርሳለች። የሥዕል መምህሯ ኢዮስያስ ተማሪዎቹን ወረቀቱን ሳታዩ ሳሉ ብሏቸው ነበር። የእኔን ጫማ ፊቷ አስቀምጣ፣ ዓይኗ በጠርዙ ላይ እንደ ጉንዳን ቀስ እያለ ሲሄድ እጇ ይከተለዋል።

አቶ ደመላሽ፦ ታዲያ ምን ወጣት?

አዜብ፦ ድንች። ግን ተረከዙ በአንድ ወገን ማለቁን አየች። ሁለት ዓመት የተጫማሁት እኔ እንኳ አላየሁትም ነበር።

አቶ ደመላሽ፦ ቀድሞ ይሻላት ነበር። ጎጆ ቤት፣ ሁለት ተራራ፣ በመሐላቸው ፀሐይ። ምን የመሰለ ሥዕል።

አዜብ፦ ጎጆ ቤት የት አይታ? መምህሩም የጠየቃቸው ይህንኑ ነው። ክፍሉ በሙሉ ጎጆ ሲስልበት፣ ከእንግዲህ ያላያችሁትን አልቀበልም፣ የየቤታችሁን በር ሳሉ አላቸው። የእኛን የግቢ በር ሳለችው፤ እርስዎ በመኪና የገጩት ቦታ ሳይቀር።

አቶ ደመላሽ፦ እሱ ፍሬኑ ነው።

አዜብ፦ ፍሬኑን አልሳለችውም። ሌላ ቀን ደግሞ ሥዕል ዘቅዝቀው እያዩ እንዲስሉ አዘዛቸው። ሲዘቀዘቅ አፍንጫው አፍንጫ መሆኑ ይቀርና መስመር ብቻ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እጅ የሚያውቀውን ትቶ ዓይን የሚያየውን ይስላል ይላል።

አቶ ደመላሽ፦ የዘንድሮ ትምህርት። እንግዲያው ጎረቤታችንን ጥሩሰውን ትሳላታ። ፀሐይ ልትሞቅ ከተቀመጠች እስከ ማታ ንቅንቅ አትልም።

አዜብ፦ እኔም ብያት ነበር። አባባን ነው የምፈልገው አለች። ለምን ስላት፣ ፊቱ ላይ ብዙ መንገድ አለ አለችኝ።

አቶ ደመላሽ፦ የአሰብ መንገድ ነዋ። የሐረጎን ቁልቁለት በጉም የወረድኩት በእነዚህ ዓይኖች ነው። ከፊቴ ያለውን ገደል አሽትቼ አውቀው ነበር።

አዜብ፦ እሱን አልጠራጠርም። ለነገሩ ሐሙስ ዕለት በመስኮት በኩል አንዴ ሳለችዎት።

አቶ ደመላሽ፦ ሳልፈቅድላት? አምጪው እስቲ። እህ። ጎበዝ ናት። አፍንጫዬን ብቻ አሳነሰችው።

አዜብ፦ ዘቅዝቀው ነው የያዙት አባባ።

አቶ ደመላሽ፦ ዘቅዝቆ ማየት ትምህርት ነው አላልሽም?

አዜብ፦ ብያለሁ። ይስጡኝ፣ እኔ ልንገርዎ። ግራ ዓይንዎን በእርሳስ አጥቁራዋለች። ቀኙን ከሳለችው በኋላ በላጲስ ፈገፈገችው። ለምን አጠፋሽው ብላት፣ አላጠፋሁትም፣ እንደዚህ ነው ያለው፣ ጉም ገብቶበታል አለችኝ።

አቶ ደመላሽ፦ ልጅ ምን የማትለው አለ።

አዜብ፦ እኔም መጥቼ አየሁት። ራዲዮውን ለመክፈት ቁልፉን በዳበሳ ሲፈልጉ ቆሜ አየሁ። አንድ ማዕድ እየቀረብን፣ እሷ እስክትስለው ልብ አላልኩም።

አቶ ደመላሽ፦ የዓይን ሞራ ነው፤ አውቀዋለሁ። ግራውም ተከትሎታል። ካረጁ አይበጁ ነው፤ ምን ይደረግ?

አዜብ፦ የሚደረግማ አለ። የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ረቡዕ ሆስፒታላችን ይገባሉ፤ ሞራውን አንስተው በማግስቱ ይሸኛሉ። ምዝገባው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል።

አቶ ደመላሽ፦ አየሽ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከሥዕል ተነስተሽ ሆስፒታል አደረስሽኝ።

አዜብ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

አቶ ደመላሽ፦ ማን ደበቀ? ሰው ካልጠየቀኝ በየደጁ እየዞርኩ ዓይኔን ላሳይ ነው?

አዜብ፦ አሁን ጠየቅኩዎት። ይሂዱልኝ።

አቶ ደመላሽ፦ በዚያ በር ከልጄ ጋር ገብቼ ብቻዬን ወጥቻለሁ፣ አዜብ።

አዜብ፦ ብቻዎን አልወጡም። እኔም ነበርኩ። ራዲዮው በዛ፤ ትንሽ ይቀንሱልኝ።

አቶ ደመላሽ፦ ይኸው ቀነስኩልሽ። አንቺም የሆስፒታሉን ወሬ ቀንሺልኝ።

አዜብ፦ እሺ፣ ተውኩት። የቤት ሥራው ግን ሌላም ትእዛዝ አለው። የተሳለው ሰው በተራው ሰዓሊዋን ይስላታል።

አቶ ደመላሽ፦ እኔ? መሪ የለመደ እጅ እርሳስ ይሰብራል እንጂ አይስልም።

አዜብ፦ እጅዎን አላስቸግርም። መልኳን ይንገሩኝ፣ እርሳሱን እኔ እይዛለሁ።

አቶ ደመላሽ፦ ይሄማ ቀላል ነው። ፀጉሯን ሹሩባ አድርጊው። ግንባሯ ሰፊ ነው፤ ግንባሯን ከእኔ ከምትሰሚ የአባቷን ፎቶ ማየት ነው።

አዜብ፦ እሱን አውቀዋለሁ። ይቀጥሉ።

አቶ ደመላሽ፦ ስትስቅ አድርገሽ ሳያት። ሰሞኑን ሳቋ በዝቷል፤ እየሮጠች መጥታ ፊቴ ላይ ተደቅና ነው የምትስቀው። እነዚያን የፊት ጥርሶቿን እንደ ወተት ነጭ አድርጊልኝ።

አዜብ፦ የፊት ጥርሶቿ የሉም አባባ።

አቶ ደመላሽ፦ ምን ሆኑ? ማን መታት?

አዜብ፦ ማንም አልነካት። ጊዜያቸው ደርሶ ወለቁ። ሳምንት ሆናቸው። ቆርቆሮው ላይ ጠጠር ወረወራችሁ ብለው የጎረቤት ልጆችን የተቆጡ ዕለት፣ እሷ ነበረች እንደ ልጅ ደንብ ጥርሷን ጣሪያ ላይ የወረወረችው።

አቶ ደመላሽ፦ ታዲያ በዚህ ቤት አንድ የሚነግረኝ ሰው ይጠፋል?

አዜብ፦ እንዳትነግሪው፣ አባባ ራሱ ያየዋል ብላ አስምላኛለች። ለዚህ እኮ ነው ፊትዎ ላይ እየተደቀነች የምትስቀው።

አቶ ደመላሽ፦ ሳምንት ሙሉ?

አዜብ፦ ትናንት ማታም ስቃልዎታለች። እርስዎም እሰይ የኔ ልጅ ብለው መረቋት።

አቶ ደመላሽ፦ ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው ማለት ይሄ ነው። ምን አለች ስመርቃት?

አዜብ፦ ነገ ያየዋል አለችኝ።

አቶ ደመላሽ፦ አሁን ስንት ሰዓት ሆነ?

አዜብ፦ አምስት ሊሆን ነው።

አቶ ደመላሽ፦ ቶሎ ሂጂና ስሜን አስመዝግቢ። ኤፍራታን ግን አደራ በያት፤ እኔ ከዚያ ሳልመለስ ጥርስ እንዳታበቅል።